የሥልጠና ክፍያ ከየት ይምጣ? ለመሰላ፣ ለጭሮና ለአካባቢው ከተሞች የሙያ ተማሪዎች መመሪያ

በመሰላም ሆነ በጭሮ፣ በሂርናም ሆነ በገለምሶ ሙያ መማር የሚፈልግ ሰው መጨረሻ ላይ የሚደርስበት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ብሩን ከየት ላምጣ?» ችግሩ ብዙዎቻችን ይህን የምንጠይቀው መስከረም ላይ መሆኑ ነው፤ ምዝገባው ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው። በእኛ አካባቢ ደግሞ መስከረም ኪስ የሚነጥፍበት ወር ነው። ክረምቱ ጫቱን አብዝቶ ዋጋውን ጥሎታል፣ ቡናው ገና አልተለቀመም፣ ማሽላውም ማሳ ላይ ቆሟል። በዚህ ሰዓት ብር የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ውድ ብድር ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ዘጠኝ ደረጃዎች የተቀመጡት በቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ወጪው ራሱ የግድ መሆኑን ታረጋግጣላችሁ። ቀጥሎ የማያስከፍለውን፣ ከዚያ ሌላው የሚከፍልላችሁን፣ ከዚያ የራሳችሁን ገንዘብ ትፈልጋላችሁ። ብድር የሚመጣው በስተመጨረሻ ነው። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት በነጻ ልታገኙት ለምትችሉት ነገር ተበድራችሁ ትከፍላላችሁ።

1. ሥልጠናው ነው የጎደላችሁ ወይስ ወረቀቱ?

ጋራዥ ውስጥ አምስት ዓመት የሠራ መካኒክ፣ ከአጎቱ ሥር ብየዳ የለመደ ወጣት፣ ቤቷ ውስጥ ለሰፈሩ ልብስ የምትሰፋ ሴት፣ ሁሉም «ኮሌጅ ገብቼ ልማር» ይላሉ። ብዙ ጊዜ የጎደላቸው ግን ችሎታ አይደለም፤ ማስረጃ ነው። በአገራችን የሙያ ሥርዓት የብቃት ምዘና፣ በተለምዶ ሲኦሲ የምንለው፣ ኮሌጅ ለተማረ ሰው ብቻ የተከለለ አይደለም። በሥራ ላይ የተማረም ሰው ተመዝግቦ ሊመዘን ይችላል። ካለፈ በዚያ ደረጃ ብቁ መሆኑን የሚገልጽ ሰርተፍኬት ይሰጠዋል። የምዘና ክፍያ ደግሞ ከወራት የኮሌጅ ክፍያና ኪራይ ጋር አይወዳደርም።

*የሚያስፈልጋችሁ፦* መታወቂያ (የፋይዳ ቁጥር ካላችሁ ያዙት)፣ ፎቶግራፍ፣ የት ምን ያህል ጊዜ እንደሠራችሁ የሚገልጽ የአሠሪ ደብዳቤ። በአቅራቢያችሁ ወዳለው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሂዱና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በሙያዬ ምዘና ይሰጣል ወይ? በየትኛው ደረጃ ልመዘን? ቀጣዩ የምዘና ጊዜ መቼ ነው?

*የተለመደ ስህተት፦* በእጅ ሥራ ተማምኖ ለጽሑፉ ፈተና ሳይዘጋጁ መግባት። ምዘናው የተግባርም የጽሑፍም ክፍል አለው። የሙያውን የደረጃ መስፈርት ከኮሌጁ ጠይቃችሁ አንብቡ፤ የማታውቁት ክፍል ካለ ለዚያ ክፍል ብቻ አጭር ሥልጠና ውሰዱ። ደረጃ 3 ወይም 4 ላይ ዘሎ መመዝገብም ብዙዎችን ጥሏል። ከምትችሉት ደረጃ ጀምሩ።

2. ሙሉውን ወጪ በወረቀት አስፍሩ

ብዙ ሰው «ኮሌጁ በወር ይህን ያህል ያስከፍላል» ብሎ ሒሳቡን እዚያ ላይ ያቆማል። ኋላ የሚያስቋርጠው ግን የኮሌጁ ክፍያ ሳይሆን የቤት ኪራይና የምግብ ወጪ ነው። ከመሰላ መጥታ ጭሮ ውስጥ ክፍል ተጋርታ ልብስ ስፌት የምትማር ሴት ወጪ እንዲህ ሊሆን ይችላል። ቁጥሮቹ ለስሌት ማሳያ ብቻ ናቸው፤ በራሳችሁ ቁጥር ተኩዋቸው።

- የኮሌጅ ወርሃዊ ክፍያ፦ 900 ብር
- የኪራይ ድርሻ፦ 800 ብር
- ምግብ፦ 3,000 ብር
- ትራንስፖርት፦ 400 ብር
- ጨርቅ፣ ክር፣ ደብተር፦ 300 ብር
- የወር ድምር፦ 5,400 ብር

በአሥር ወር 54,000 ብር ይሆናል። ከዚህ ውስጥ የኮሌጁ ድርሻ 9,000 ብቻ ነው፤ ከስድስት አንድ እጅ። ደግ ሰው ተገኝቶ የኮሌጁን ክፍያ ቢሸፍንላት እንኳ 45,000 ብር ይቀራታል። ጭሮ ውስጥ ዘመድ ቤት ካረፈች ግን ኪራዩ በሙሉ፣ ከምግቡም ከፊሉ ይወርዳል። ስለዚህ ከክፍያ ድጋፍ ይልቅ ማረፊያ መፈለጉ ይበልጥ ሊጠቅም ይችላል። ይህን የሚያሳያችሁ ዝርዝሩ ነው።

በዝርዝሩ ላይ ሦስት ነገር መጨመር አትርሱ። አንደኛ የመመዝገቢያና የምዘና ክፍያ። ሁለተኛ ሥልጠናው ሲያልቅ ሥራ ለመጀመር የሚያስፈልገው መሣሪያ። ሦስተኛ በመማር ምክንያት የሚቀርባችሁ ገቢ። ጫት በማሸግ ወይም በቀን ሥራ ስታገኙት የነበረው ገንዘብ ከቆመ እሱም ወጪ ነው።

*የተለመደ ስህተት፦* የማታና የቅዳሜ-እሁድ መርሐ ግብርን ክፍያው ከፍ ስላለ ብቻ መተው። ሥራችሁን ሳትለቁ የምትማሩበት ከሆነ የሚተርፈው ገቢ ልዩነቱን ሊሸፍን ይችላል። ሁለቱንም አስልታችሁ አወዳድሩ።

3. ነጻ የሆነውን አሟጥጡ

ከሚከተሉት ውስጥ ለእናንተ የሚሆን መኖሩን ሳታረጋግጡ ለማንም ክፍያ አትፈጽሙ።

*የመንግሥት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ መደበኛ መርሐ ግብር።* የቀን ትምህርቱ ከማታውና ከግል ኮሌጅ ጋር ሲነጻጸር ክፍያ የለውም ወይም በጣም አነስተኛ ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት ዩኒቨርሲቲ ካላስገባችሁ በሩ አልተዘጋም። የመግቢያ መስፈርቱ በየዓመቱ ስለሚወጣ ማስታወቂያውን ከኮሌጁ ቦርድ ላይ ራሳችሁ አንብቡ።

*አጫጭር ሥልጠና።* በየወረዳውና በየከተማው ያለው የሥራ ዕድል ፈጠራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሥራ ፈላጊዎችን ይመዘግባል፤ ከኮሌጆች ጋር ሆኖም ያሠለጥናል። ስማችሁ በመዝገቡ ከሌለ ሥልጠናው ሲመጣ የሚጠራችሁ የለም። በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት ላይም ተመዝገቡ።

*የሴፍቲኔት ቤተሰብ ከሆናችሁ።* የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከእህልና ከጥሬ ገንዘብ ሌላ የኑሮ ማሻሻያ ክፍል አለው። ሦስት መስመሮች አሉት፦ ሰብልና እንስሳት፣ ከእርሻ ውጭ የሆነ ንግድ፣ እና ቅጥር። ወጣት ልጃችሁ በሦስተኛው መስመር የሙያ ሥልጠና የሚያገኝበት መንገድ መኖሩን የቀበሌውን የልማት ሠራተኛ ጠይቁ። ብዙ ቤተሰብ ስለ መስመሮቹ ሳይሰማ ከፕሮግራሙ ይመረቃል።

*የገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል።* ሙያችሁ ግብርና ከሆነ የቀበሌያችሁ ማሠልጠኛ ማዕከል በነጻ ያሠለጥናል። በዳሮ ለቡ ያለው የመቻራ ግብርና ምርምር ማዕከል በአካባቢያችን ሰብሎች ላይ ስለሚሠራ፣ በቡድን ሆናችሁ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል ጥያቄ ብታቀርቡ ጥሩ ነው።

*ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት።* ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ ጎልማሶች የተዘጋጀ፣ ሁለት ዓመት የሚወስድ ነጻ ትምህርት ነው። የእናታችሁን ወይም የጎረቤታችሁን ስም በአቅራቢያ ባለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስመዝገብ ትችላላችሁ። ማንበብ የማይችል ሰው የምዘናውን የጽሑፍ ክፍል ስለሚቸገርበት ይህ ትምህርት ለሙያው መንገድ መጥረጊያ ነው።

*የኢንተርኔት ትምህርት።* «5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች» የተባለው መርሐ ግብር ሐምሌ 2016 የተጀመረው ለሦስት ዓመት ታስቦ ነው። የፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ሳይንስ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ትምህርት በነጻ ከነሰርተፍኬቱ ይሰጣል። ምዝገባው ክፍት መሆኑን አረጋግጡ። ወጪያችሁ የኢንተርኔት ፓኬጅ ብቻ ነው። ኮምፒውተር ከሌላችሁ ጭሮ ውስጥ የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲን የማህበረሰብ አገልግሎት ክፍል ጠይቁ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለአካባቢያቸው ኅብረተሰብ የማገልገል ኃላፊነት ስላለባቸው እንዲህ ያለ ጥያቄ ማቅረብ ነውር አይደለም።

*የተለመደ ስህተት፦* «ነጻ ሥልጠና ዋጋ የለውም» ብሎ መናቅ። ቀጣሪ የሚጠይቃችሁ የምዘና ሰርተፍኬቱንና የእጃችሁን ሥራ ነው። ሌላው ስህተት ለወረዳ መሥሪያ ቤት በአማርኛ ማመልከቻ ይዞ መሄድ ነው። የኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ በዚያ አጽፋችሁ ብትሄዱ ጉዳያችሁ ቶሎ ይንቀሳቀሳል።

4. አሠሪ እንዲከፍል አድርጉ

አሠሪ የሚከፍለው በሦስት መልክ ነው።

የመጀመሪያው ትብብር ሥልጠና ነው። ኮሌጆች ትምህርቱን በክፍልና በሥራ ቦታ ከፍለው ይሰጣሉ፤ የተግባሩ ክፍል ድርጅት ውስጥ ነው የሚሠራው። ድርጅቱን ራሳችሁ መምረጥ ከቻላችሁ ለቤታችሁ የቀረበውን ምረጡ። ቤታችሁ ሂርና ከሆነ ጭሮ ከምትሠሩ ሂርና ያለ ጋራዥ ወይም ብረታ ብረት ቤት ብትሠሩ የእነዚያ ወራት ኪራይ ይተርፋል።

ሁለተኛው የተለማማጅነት ውል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህን ዓይነት ውል ያውቀዋል፤ ተለማማጁ ከ15 ዓመት በታች መሆን የለበትም፣ ውሉም በጽሑፍ መሆን አለበት። ውሉ ላይ የሥልጠናው ዓይነት፣ የሚፈጀው ጊዜ፣ የሚከፈለው ገንዘብና የሥራው ሁኔታ መስፈር አለበት። በአካባቢያችን ልጅን «ሙያ ይማር» ብሎ ለባለ ጋራዥ በአፍ መስጠት የተለመደ ነው። ልጁ ሁለት ዓመት ጎማ ሲያጥብ ይኖርና ሞተር ሳይነካ ይወጣል። አንድ ገጽ ወረቀት ይህን ያስቀራል።

ሦስተኛው መሥሪያ ቤታችሁ የሚከፍለው ትምህርት ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ የሰው ሀብት ክፍሉን የዓመቱን የትምህርትና ሥልጠና ዕቅድ ጠይቁ። ዕቅዱ ሲዘጋጅ ስማችሁን ካላስገባችሁ ዓመቱን ሙሉ ትጠብቃላችሁ። እንደ ኢትዮጵያ አየር መንገድ ያሉ ትልልቅ ድርጅቶችም ሠልጣኝ በማስታወቂያ ይቀበላሉ፣ ወጪውን ሸፍነውም የአገልግሎት ግዴታ ያስፈርማሉ።

*የተለመደ ስህተት፦* የግዴታ ውልን ሳያነቡ መፈረም። ስንት ዓመት ማገልገል አለብኝ? ካቋረጥኩ የምመልሰው ሙሉውን ነው ወይስ የቀረውን? ዋሴ የሚጠየቀው እስከ ምን ድረስ ነው? ለእነዚህ ሦስቱ መልስ ሳታገኙ አትፈርሙ። ዋስ የሚሆንላችሁ ዘመድም ውሉን ያንብበው፤ ማንበብ ካልቻለ ይነበብለት።

5. ወገንን በወጉ ጠይቁ

በምዕራብ ሐረርጌ ማንም ሰው ብቻውን አይማርም። አፎሻው፣ ዕድሩ፣ መስጊዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ጅዳና አሜሪካ ያለው ዘመድ ሁሉ ሊረዳ ይችላል። ድጋፉ የሚሳካው ግን ጥያቄው ግልጽና ልክ ያለው ሲሆን ነው።

ዘካ የሚያወጡ ነጋዴዎች ብዙዎቹ ገንዘቡን የሚያከፋፍሉት በረመዳን ነው። ችግረኛ የሆነ ተማሪ ኢማሙ ወይም የመስጊዱ ኮሚቴ እንዲያውቁት ቀደም ብሎ ጉዳዩን ቢያስረዳ በዝርዝሩ የመግባት ዕድል አለው። አፎሻና ዕድር የተቋቋሙት ለሐዘንና ለደስታ ቢሆንም የአንዳንዶቹ መተዳደሪያ ደንብ ለአባል ብድር መስጠትን ይፈቅዳል። ሰብሳቢውን ስለ ደንቡ ጠይቁ።

ከድርጅቶች መካከል የሐረርጌ ካቶሊክ ጽሕፈት ቤት በምሥራቅና በምዕራብ ሐረርጌ የልማት ሥራ የሚሠራ ነው። ሰዎች ለሰዎች ድርጅት ደግሞ ሐረር ከተማ ውስጥ የግብርና ቴክኒክና ቴክኖሎጂ ኮሌጅ አቋቁሟል። የምልመላ መስፈርታቸውን በአካል ሄዳችሁ ወይም በወረዳው የትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል ጠይቁ። ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ ተረጂ የሚመርጡት ወረዳው በሚሰጣቸው ዝርዝር ነው።

ለዘመድም ሆነ ለነጋዴ የሚጻፍ ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ለተከበሩ ሐጂ ___። እኔ የመሰላ ከተማ ነዋሪ ስሆን ጭሮ በሚገኘው ___ ኮሌጅ በኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሙያ ደረጃ 2 ለመማር ተቀባይነት አግኝቻለሁ። ሥልጠናው አሥር ወር ይፈጃል። ማረፊያዬ አክስቴ ቤት ነው፤ ምግቤን ቅዳሜና እሁድ ሠርቼ እሸፍናለሁ። የጎደለኝ የኮሌጁ ክፍያ 9,000 ብር ነው። ክፍያው በየሦስት ወሩ በቀጥታ ለኮሌጁ ሒሳብ ቢገባልኝ ደረሰኙንና ውጤቴን በየጊዜው ይዤ እቀርባለሁ። የመቀበያ ደብዳቤውንና የወጪ ዝርዝሩን አያይዣለሁ።»

ይህ ደብዳቤ የሚሠራው ጠያቂው የራሱን ድርሻ አስቀድሞ ስላስቀመጠና ገንዘቡ በእጁ እንዲሰጠው ስላልጠየቀ ነው። የሚረዳ ሰው ገንዘቡ የት እንደገባ ሲያይ ለሁለተኛው ሦስት ወር እምቢ ለማለት ይከብደዋል።

*የተለመደ ስህተት፦* ለአሥር ሰው «እርዱኝ» ብሎ መጠንና ቀን ሳይናገሩ መለመን፤ እንዲሁም ከተረዱ በኋላ ድምፅ ማጥፋት። ውጤታችሁን ሳትጠየቁ አሳዩ።

6. የራሳችሁን ገንዘብ በወሩ ያዙ

እዚህ ላይ ቀን ከመጠን ይበልጣል። ዓመቱን እንዲህ ክፈሉት፦

- *ከጥቅምት እስከ ጥር፦* ቡናው የሚለቀምበት፣ ማሽላው የሚገባበት ጊዜ ነው። ቡና እንደተሸጠ የሥልጠናውን ድርሻ አንሡ፤ ቤት ከገባ በኋላ ለሠርግና ለልብስ ያልቃል።
- *ከየካቲት እስከ ግንቦት፦* በበጋ ጫት ዋጋ ያወጣል፣ በተለይ ውሃ ላለው ገበሬ። ከየለቀማው ትንሽ በቋሚነት የምታስቀምጡበት ወቅት ነው።
- *ሰኔና ሐምሌ፦* የኮሌጆችን መስፈርትና ክፍያ ጠይቁ፤ ማስረጃችሁን አሟሉ።
- *ነሐሴ፦* የድጋፍ ደብዳቤዎችን ላኩ፤ ማረፊያ ያዙ።
- *መስከረም፦* ተመዝገቡ። በዚህ ወር አዲስ ገንዘብ አይፈለግም።

የምታስቀምጡበት ቦታም ይለያያል። *ዕቁብ* የምትገቡ ከሆነ ገና ሲጀመር ለዳኛው «ዕጣዬ መስከረም ላይ ይሁንልኝ» ብላችሁ ተስማሙ፤ ዋስም አቅርቡ። ዕጣውን አስቀድሞ መውሰድ ብድር እንደመውሰድ ስለሆነ ትምህርት ላይ ሳላችሁ ቀሪውን መክፈል መቻላችሁን አስሉ። *የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማህበር* ወይም *የመንደር የቁጠባ ቡድን* ውስጥ አባል ከሆናችሁ ቁጠባችሁ ብድር የመጠየቅ መብት ያስገኝላችኋል። ይህ መብት የሚገኘው ግን ወራት ከቆጠባችሁ በኋላ ነው፤ መስከረም ላይ አባል ሆኖ መስከረም ላይ መበደር አይቻልም። የስልክ ቁጠባ ለምትመርጡ በቴሌብር ላይ «ሳንዱቅ» የተባለ አገልግሎት አለ።

*የተለመደ ስህተት፦* ማሳ ላይ የቆመ ጫትን ወይም ያልተለቀመ ቡናን ለነጋዴ አስቀድሞ መሸጥ። ገንዘቡ በፍጥነት ይመጣል፤ ዋጋውን የሚወስነው ግን የተቸገረው ሻጭ አይደለም። ኮሌጁን በሁለት ወይም በሦስት ዙር ልክፈል ብሎ መጠየቅ ከዚህ በብዙ ይሻላል። ብዙ የግል ኮሌጆች ቀድሞ ለጠየቀ ይፈቅዳሉ፤ ስምምነቱን በጽሑፍ ውሰዱ።

7. ብድር፦ በስተመጨረሻ፣ ለመሣሪያ

አባቶች «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይላሉ። እስካሁን ያሉትን ስድስት ደረጃዎች ካለፋችሁና አሁንም የጎደለ ካለ ወደ ብድር ትመጣላችሁ። ያኔም ለክፍያ ሳይሆን ለመሣሪያ መበደር ይቀላል። ምክንያቱ እንዲህ ነው።

ባንኮችና የብድርና ቁጠባ ተቋማት የሚያበድሩት ገቢ ለሚያስገባ ሥራ ነው። ቀድሞ የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ የነበረው የዛሬው ስንቄ ባንክ በቡድን ለተደራጁ ሰዎች ሲያበድር የሥራ ዕቅድ ይጠይቃል። የስፌት መኪና ወይም የብየዳ ማሽን መግዣ ይህን መስፈርት ያሟላል፤ የኮሌጅ ክፍያ ግን ለማስረዳት ያስቸግራል።

ወለድ ለማይቀበሉ የአካባቢያችን ሰዎችም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። እንደ ዘምዘም ያለ ከወለድ ነጻ ባንክም ሆነ የንግድ ባንክ «ኑር» እና የኅብረት ሥራ ባንክ «አልሁዳ» አገልግሎቶች በስፋት የሚጠቀሙት ሙራበሃ ነው። ባንኩ የፈለጋችሁትን ዕቃ ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን በግልጽ ነግሯችሁ፣ በየጊዜው በሚከፈል ዋጋ ይሸጥላችኋል። የሚሸጥ ዕቃ ስለሚያስፈልግ መሣሪያ በዚህ መንገድ ይገኛል፤ የትምህርት ክፍያ ግን በሙራበሃ ውስጥ በቀላሉ አይገባም። ስለዚህ ቁጠባችሁን ለክፍያው አውሉና መሣሪያውን በሙራበሃ ጠይቁ። ለዚህ የዕቃው የዋጋ ማቅረቢያ፣ የምዘና ሰርተፍኬትና የሥራ ቦታ ማስረጃ አስቀድመው ያዘጋጁ ሰዎች ጉዳያቸው ቶሎ ያልቃል።

*የተለመዱ ስህተቶች፦*

- በስልክ የሚገኝ አነስተኛ ብድር፣ እንደ ቴሌብር «መላ» እና «እንደኪሴ» ያለ፣ በአጭር ጊዜ የሚመለስ ነው። የታክሲና የመድኃኒት ችግር ያስታግሣል። የአሥር ወር ትምህርት በዚህ መጀመር ግን የመጀመሪያውን ወር ሳትጨርሱ ባለዕዳ ያደርጋችኋል።
- አራጣ። በወንጀል ሕጋችን የተከለከለ ነው። አበዳሪው «ደረሰኝ አያስፈልግም» ካለ ለምን እንዳላስፈለገው አስቡ።
- የቤተሰብን የእርሻ መሬት ወይም የወተት ላም ለአንድ ሰርተፍኬት መሸጥ። ሥልጠናው ባይሳካ ቤተሰቡ የሚመለስበት የለውም።

8. ከመክፈላችሁ በፊት ተቋሙን ፈትሹ

ገንዘቡ ተገኘ እንበል። ቀጥታ ወደ ካሸሩ አትሂዱ። ፈቃድ ለሌለው ኮሌጅ የተከፈለ ብር አይመለስም፤ ወረቀቱም አያሠራም።

በመጀመሪያ የእውቅና ፈቃዱን ጠይቁ። ፈቃዱ የሚሰጠው ለኮሌጁ በጥቅሉ አይደለም፤ ለቅርንጫፉ፣ ለትምህርት ዘርፉና ለደረጃው ነው። አዲስ አበባ ያለው ግቢ ፈቃድ አለው ማለት ጭሮ ያለው አለው ማለት አይደለም። የሙያ ሥልጠና ከሆነ በክልሉ የቴክኒክና ሙያ አካላት፣ ዲግሪ ከሆነ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን በኩል አረጋግጡ። ባለሥልጣኑ የግል ከፍተኛ ትምህርት ተቋማትን እንደገና ሲመዘግብ ብዙዎች ስለወደቁ የአምናው ፈቃድ ለዘንድሮ ማስረጃ አይሆንም።

ቀጥሎ ካለፈው ዓመት ተማሪዎች መካከል ስንቱ ሲኦሲ እንዳለፉ ጠይቁ። ዲግሪ ለምትማሩ ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ ከመቶ 50 ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም። አራት ዓመት ከፍሎ እዚያ ላይ መቆም ከሁሉም የከፋ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ከማስታወቂያ ሠራተኛው ይልቅ በር ላይ ተማሪዎቹን አነጋግሩ።

በመጨረሻ ክፍያውን በባንክ፣ በኮሌጁ ስም በተከፈተ ሒሳብ አስገቡ። ደረሰኙ ላይ ስማችሁ፣ የትምህርት ዘርፉና ደረጃው ይጻፍ። በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ለዘመድም ላኩት።

*የተለመደ ስህተት፦* በደላላ በኩል መመዝገብ። ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ የቤት አያያዝ ሥልጠና የሚፈልጉ እህቶች በተለይ ይጠንቀቁ። «ሳትማሪ ሲኦሲ አወጣልሻለሁ» የሚል ሰው የሚሸጠው ሐሰተኛ ሰነድ ነው፤ ሲያዝም የምትጠየቀው ባለ ስሟ ናት።

9. ገንዘቡ መሃል ላይ ቢያልቅ

ቡናው በበረዶ ሊመታ፣ የረዳችሁ ዘመድ ሥራ ሊያጣ ይችላል። ብዙ ተማሪ በዚህ ጊዜ ኮሌጁን ዝም ብሎ ይተዋል። ያን ጊዜ እስካሁን የተማረው ትምህርት በከንቱ ይቀራል፤ ዕዳ ካለበትም ማስረጃውን ሊከለከል ይችላል።

ክፍያ የምታዘገዩ መሆኑን እንዳወቃችሁ ሬጅስትራር ቢሮ ሂዱ። ሁለት ጥያቄ አቅርቡ፦ ክፍያውን የማራዘሚያ ስምምነት ይቻላል ወይ? ካልተቻለስ በይፋ የማቋረጫ ቅጽ ሞልቼ በሚቀጥለው ዙር ካቆምኩበት መቀጠል እችላለሁ ወይ? ቅጹን ስትሞሉ ያጠናቀቃችኋቸው የሥልጠና ሞጁሎች ዝርዝር በማኅተም ይሰጣችሁ። ይህ ወረቀት ካላችሁ ያጠናቀቃችሁትን እንዲቆጥርላችሁ ሌላ ኮሌጅንም መጠየቅ ትችላላችሁ።

ካቋረጣችሁም በኋላ የዚህን መመሪያ ቁጥር 1 እንደገና አንብቡ። ያጠናቀቃችሁት ትምህርት ለዝቅተኛው ደረጃ ምዘና የሚያበቃ ከሆነ በዚያ ተመዝናችሁ ሥራ ጀምሩ። ደረጃ 1 ወይም 2 ይዞ በከተማው ኤሌክትሪክ የሚዘረጋ ወይም ልብስ የሚሰፋ ሰው የቀረውን ደረጃ በራሱ ገቢ፣ በማታ መርሐ ግብር፣ ማንንም ሳይለምን ሊጨርስ ይችላል።